ጋሪዋ ዛሬ ደግሞ የት ሄደች?

የሆቴል ደንበኛ የታደለ ነው። ከዓመት በኋላ ቢመለስ ሆቴሉ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። የእኛ የመንገድ ዳር ደንበኞች ምግብ ግን ጎማ አለው። ጋሪዋ ትናንት መናኸሪያው በር ላይ ነበረች፤ ዛሬ የለችም። ከድልድዩ ወዲያ ናት ይሉናል፤ ስንደርስ ተነሥታለች። ወደ ገበያው ወጥታለች ይሉናል፤ ገበያው ውስጥ ያለችው ሌላ ናት። በአምቦም፣ በጉደርም፣ በጊንጪም፣ በሆለታም ያለን፣ ከረጅም መንገድ ወርደን ወይም ከረጅም የሥራ ቀን ወጥተን ትኩስ ድንች በቆጭቆጫ፣ ፍም ላይ የተገላበጠ በቆሎ ያማረን ሁሉ፣ መጀመሪያ የምንጠግበው ፍለጋውን ነው።

የምናወራው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ነው። በአንድ ጫፉ የከሰል ምድጃ፣ በሌላው ጫፉ በማዳበሪያ የተሸፈነ ትልቅ ብረት ድስት፣ መሃሉ ላይ የቆጭቆጫ ጣሳ፣ የጨው ጣሳ፣ ቢላዋ፣ ከአሮጌ ደብተር የተገነጠለ ወረቀት። ከኋላው አንዲት እናት። ማዳበሪያውን ገለጥ ስታደርገው እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍነዋል። በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች የበሰለውን ትለያለች። እኛ ብንይዘው የሚያቃጥለንን ድንች በጣቷ ጫፍ ልጣጩን ገፈፍ ገፈፍ ታደርገዋለች፤ በቁመቱ ትሰነጥቀዋለች፣ ግን አትለያየውም፤ ቆጭቆጫውን በቢላዋ ጫፍ መሃሉ ላይ ትቀባዋለች፤ ጨው ነስነስ፣ ወረቀት ላይ፣ ከዚያ እጃችን ላይ። በቆሎ ከሆነም ቅጠሉን ሁሉ ገፍፋ አትጥልም፤ ለመያዣ የሚሆን ጥቂት ከሥሩ ትተዋለች፤ ጸጉሩን ትነጭና ከፍሙ ዳር ታስተኛዋለች፤ በካርቶን ቁራጭ እያራገበች ታገላብጠዋለች። ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር፣ «ልጄ፣ ይበቃል ወይስ ትንሽ ይጥቆር?» ትላለች። የጠየቅነው ይህን ነው። ሌላ ምንም አልጠየቅንም። ይህን ለማግኘት የምናየውን መከራ ግን እስኪ አብረን እንቁጠረው።

አንደኛው መከራ ቦታ ነው። ድሮ ይህች እናት መሬት ላይ ነበረች። ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ ምድጃዋን ፊቷ አድርጋ፣ ከአንድ ጥግ ሳትነቃነቅ ዓመት ከዓመት ትሠራ ነበር። ሰው ሲቃጠር «ከበቆሎዋ እናት ጋ» ይባባል ነበር። ጎማው የመጣው ምግቡን ወደ ደንበኛው ለማቅረብ እንዳይመስላችሁ። ጎማው የመጣው ለመሸሽ ነው። ደንብ አስከባሪ መጣ ሲባል ዱካና ምድጃ ታቅፎ መሮጥ ስለማይቻል፣ ምድጃው ጎማ ላይ ወጣ። እሳት የያዘ ምድጃ፣ የፈላ ውሃ የያዘ ድስት፣ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ላይ እየተገፋ ይሮጣል። ሕፃናት በሚጫወቱበት፣ ባጃጅ በሚከንፍበት መንገድ ላይ ይሮጣል። አንድ ቀን ሰው እንዳይቃጠል እንሰጋለን። አደጋው ምድጃው ሲቆም አልነበረም፤ አደጋው የመጣው ምድጃው እንዲሮጥ ሲደረግ ነው።

ደንብ አስከባሪዎቹ ሲሄዱ ትመለሳለች። እነሱ ሲመለሱ ትሄዳለች። ስለዚህ የምሳ ሰዓታችንን የሚወስነው ሆዳችን መሆኑ ቀርቶ የደንብ አስከባሪዎቹ የምሳ ሰዓት ሆኗል። እነሱ ሊበሉ ሲገቡ እኛ ልንበላ እንወጣለን። እነሱ በልተው ሲወጡ እኛ ግማሹን ጎርሰን እንበተናለን። ይዘውት የሚሸሹት ድንች ደግሞ አይበስልም። እሳቱ ይጠፋል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ከሰሉ እንደገና ይቀጣጠላል፤ መጨረሻ ላይ ውጩ የላላ ውስጡ የጠነከረ ድንች እጃችን ይገባል። «አዴ፣ ይሄ እኮ አልበሰለም» ስንላት፣ «ልጄ፣ ሁለቴ ተነሥቼ መች ይበስላል?» ትለናለች። ምን እንመልስላት? እውነቷን ነው።

መንገዱ አይሠራ አላልንም። ይህ ይታወቅልን። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት የእግረኛ መንገድ ሰፋ፣ መብራት ተተከለ፣ አበባ ተተከለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ስናቦካ ለኖርን ሰዎች ይህ ደስታ ነው። የሚያንገበግበን ሌላ ነው። አራት ሰው ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ ሲታሰብ፣ አንድ ጋሪ የምትቆምበትን ጥግ ማሰብ እንዴት አቃተ? ለአበባው ቦታ ተገኘ። ለማስታወቂያ ሰሌዳው ቦታ ተገኘ። ለመኪና ማቆሚያው ቦታ ተገኘ። መንገደኛውን ለምታበላው ሴት ሲሆን ቦታ ጠፋ። የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ነው ይሉናል። ልክ ነው፣ ለእግረኛ ነው። እግረኛ ግን ይርበዋል። መኪና ያለውማ ቤቱ ሄዶ ይበላል፤ መንገድ ላይ የሚርበው በእግሩ የሚሄደው ነው።

ሁለተኛው መከራ ወቅቱ ነው። የበቆሎ እሸት የሚደርሰው በክረምቱ መውጫ ነው፤ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም። ዝናቡ ገና አልቆረጠም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ትኩስ በቆሎ በጣም የሚያምረንም ያኔ ነው። እሳቱን የሚያጠፋው ዝናብም ያኔ ነው። አንድ ጃንጥላ አላት፤ ጃንጥላውን ለምድጃው ትሰጥና እሷ ትበሰብሳለች። እኛ ከሱቅ በረንዳ ሥር እንጠለላለን፤ ባለሱቁ «በሩን አትዝጉብኝ» ይለናል። ከሰሉ ርሷል፤ የራሰ ከሰል ይጨሳል፤ ጭሱ ዓይናችንን ያስነባዋል። ሸራ ብትወጥር ይበቃ ነበር። ሸራ ስትወጥር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሸራ ከተወጠረ ግንባታ ነው ይባላል፤ ግንባታ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል ይባላል፤ ፈቃድ ለማግኘት ቋሚ ቦታ ያስፈልጋል ይባላል፤ ቋሚ ቦታ ደግሞ ለጋሪ አይሰጥም ይባላል። በአራት ዘንግ የተወጠረች አንዲት ሸራ ይህን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ወርዳ፣ በመጨረሻ ተጠቅልላ ጋሪው ሥር ትገባለች። እኛም ዝናቡ ውስጥ እንቀራለን።

ዋጋው ላይ እንምጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ከማናደድ አልፎ ያስገርማል። የምንበላው ድንች ዛሬ ከባሕር ማዶ አልመጣም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ አስገባው ከሚባልበት ጊዜ ወዲህ ድንች የእኛው ሆኗል። ጀልዱ ወረዳን የሚያውቅ ድንችን ያውቃል። ጃለኔ፣ ጉደኔ፣ በለጠ የሚባሉት ዝርያዎች የወጡት እዚሁ ደጃችን ላይ፣ ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በቆሎውም የሩቅ አይደለም። አገር ያዳረሰው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ባኮ ካለው ምርምር ማዕከል ነው። ለደጋ የሚስማማውን በቆሎ ያወጣው የምርምር ማዕከል ያለው አምቦ ነው፤ ከዝርያዎቹ ሁለቱ ወንጪ እና ጅባት ተብለው በአገራችን ተራሮች ስም ተሰይመዋል። እንግዲህ ድንቹ የእኛ፣ በቆሎው የእኛ፣ ምርምሩ እዚህ፣ ማሳው እዚህ። ዋጋው ብቻ ነው ከሌላ ቦታ የሚመጣው።

ትልልቁ ድንች በሌሊት አይሱዙ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። እኛ ጋ የሚቀረው ትንንሹ ነው። የአምቦ የቅዳሜ ገበያ ዋጋ የሚቆረጠውም አምቦ ላይ አይደለም፤ ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እዚያ ስንት ገባ?» ይላል፣ የሰማውን ዋጋ እዚህ ይጠራል። ከማሳው አጠገብ ተቀምጠን የሩቅ ከተማ ዋጋ እንከፍላለን። ከዚያ ደግሞ ዶላር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጀልዱ ድንች ከዶላር ጋር ምን አገናኘው? ብለን ጠየቅን። መልሱ ተነገረን። ማዳበሪያው ከውጭ ይመጣል። ናፍጣው ከውጭ ይመጣል። የመኪናው ጎማ ከውጭ ይመጣል። ይሁን አልን። ቆጭቆጫውስ? ቃሪያው እኮ ከጓሮ ነው የሚቆረጠው። ቆጭቆጫው ለምን ተወደደ ሲባል፣ ድንቹ ስለተወደደ ነው ተባለ። ከሰሉስ? ከሰሉ የተወደደው ሁሉም ነገር ስለተወደደ ነው ተባለ። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ የለም። እሷ ላይ ዋጋ ጨመርሽ ብለን አንጮህም፤ እሷ ላይም ነው የተጨመረው። የሚከፋን ዋጋው በጨመረ ቁጥር ድንቹ መቀነሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቻል ከባድ ነው።

ከዚያ ደግሞ የብር መልስ አለ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ነባሮቹ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ ባለ 200 ብር ተጨመረ። ኪሳችን ውስጥ የሚገኘውም ሁልጊዜ እሱ ነው። ጠዋት ገና ሁለተኛ ደንበኛዋ ሆነን ባለ 200 ስንዘረጋላት ዝርዝር ከየት ታምጣ? ሱቅ ትልካለች፤ ባለሱቁ ዝርዝር እያለው የለኝም ይላል። ባጃጅ ነጂውን እንጠይቃለን፤ እሱ ዝርዝሩን ለራሱ ተሳፋሪ ነው የያዘው። በመጨረሻ ሦስት ምርጫ ይቀርብልናል። ወይ ያላሰብነውን ድንች እንጨምራለን። ወይ በመልሱ ማስቲካ እንወስዳለን። ወይ «ስትመለሱ ትወስዳላችሁ» እንባላለን። የሚያሳብደን ሦስተኛው ነው። ስንመለስ ጋሪዋ የት አለችና? መልሳችን ከጋሪዋ ጋር ከተማውን ሲዞር ይውላል። እሷ አትክድም፤ ፊታችንን አይታ «ልጄ፣ መልስህ እኔ ጋ ነው» የምትል ሰው ናት። ጭንቁ እሷን ማግኘቱ ላይ ነው።

ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ተገላገልን ብለን ነበር። በስልክ ከተከፈለ ዝርዝር የለ፣ መልስ የለ። ነገር ግን የእሷ ስልክ ልጇ ጋ ነው፤ ልጇ ትምህርት ቤት ናት። ስልኩ እጇ ላይ ሲሆን ባትሪው አልቋል፤ ባትሪው ያለቀው ሌሊቱን መብራት ስላልነበረ ነው። ባትሪ ሲኖር ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ሲመጣ ገንዘቡ ከእኛ ወጥቶ መልእክቱ እሷ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። እሷ የእሷን ስልክ፣ እኛ የእኛን ስልክ አፍጥጠን እናያለን። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። ድንቹ ይቀዘቅዛል።

ስለ ተሰለፈው ሰው ከተነሣ ደግሞ ተራ የማያውቀው አለ። እኛ ቆመን፣ ተራችንን ጠብቀን፣ የሚቀጥለው በቆሎ የእኛ ነው ብለን ዓይናችንን ፍሙ ላይ ተክለን ሳለ መኪና ይቆማል። አይወርድም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክላክስ ያደርጋል። «እናት፣ አሥር በቆሎ ቶሎ!» ይላል። አሥር በቆሎ ማለት የእሷ የግማሽ ቀን ገበያ ነው፤ እምቢ ባትል አንፈርድባትም። ግን የእኛ በቆሎ በመስኮቱ ገብቶ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ጥሬውን በቆሎ አንድ በአንድ እያነሣ ቅጠሉን ገልጦ ፍሬውን ያያል፤ ይህ ጠንክሯል፣ ይህ ለጋ ነው፣ ይህ ፍሬ አልያዘም እያለ የከፈተውን ሁሉ ይጥልና ሳይገዛ ይሄዳል። የተከፈተ በቆሎ ይደርቃል፤ የደረቀውን የምንበላው እኛ ነን። ሌላው ደግሞ ይከራከራል። ካፌ ገብቶ ለማኪያቶ የተጠየቀውን ሳያንገራግር የሚከፍል ሰው፣ ቲፕ ጨምሮ የሚወጣ ሰው፣ ከዚህች እናት ጋ ሲደርስ ለሁለት ብር አፉን ይከፍታል። ይህ እውነት ያሳዝነናል። ጠዋት ከሰል አቀጣጥላ፣ ውሃ ተሸክማ፣ ጋሪ ገፍታ፣ ተባርራ፣ ተመልሳ የቆመችን ሴት ሁለት ብር ማስቀነስ ምን ይጠቅማል?

መንገድ ላይ ስንሆን ደግሞ ሹፌሩ አለ። ከአዲስ አበባ አምቦ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሆለታ አለ፣ አዲስ ዓለም አለ፣ ጊንጪ አለ፤ በየከተማው መግቢያና መውጫ ጭስ ይታየናል፣ የበቆሎው ሽታ በመስኮቱ ይገባል። «ወንድሜ፣ እስኪ ሁለት ደቂቃ አቁምልን» እንላለን። ረዳቱ «ቤታችሁ ገብታችሁ ብሉ» ይለናል። መኪናው ግን ይቆማል፤ አለመቆም አይደለም። የሚቆመው ሆቴል በር ላይ ነው። እዚያ ሹፌሩና ረዳቱ ሳይከፍሉ ይበላሉ፤ የእነሱን ምሳ የምንከፍለው እኛ ነን፣ በእኛው ሽሮ ላይ በተጨመረው ዋጋ። አንድ ሽሮ ላይ ሦስት ሰው ይበላል ማለት ነው፤ የሚጠግቡት ግን የማይከፍሉት ናቸው። ኬላ ላይ መኪናው ሲንቀራፈፍ ሻጮቹ እየሮጡ ይመጣሉ። ያኔ ደግሞ የእኛ መስኮት አይከፈትም። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ተኝቷል። ገንዘባችን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሎ በሌላ መስኮት ይወጣል፤ በቆሎው ሳይገባ መኪናው ይነሣል። ወይም በቆሎው ይገባና መልሱ ይቀራል። ልጅቷ መልሱን ይዛ ከመኪናው ጋር ትሮጣለች፤ አንጀታችንን የምትበላው እሷ ናት። ሁለት ደቂቃ ቢቆም ምን ነበረበት?

እጅ መታጠቢያው ላይ ስንደርስ ትዕግሥታችን ያልቃል። አምቦ የውሃ አገር ናት። ፍል ውሃዋ ከሩቅ ሰው የሚጠራ፣ ማዕድን ውሃዋ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የታሸገ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት እስከ መባል የደረሰች ከተማ ናት። ስሟ በኢትዮጵያ ምግብ ቤት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይጠራል፤ ጠግቦ የከበደው ሁሉ «አምቦ ስጠኝ» ይላል። በዚህች ከተማ ቆጭቆጫ የነካው እጃችንን የምንታጠብበት አንድ ቧንቧ ጎዳናው ላይ አናገኝም። እናትየዋ ከቤቷ በቢጫ ጄሪካን ይዛ ትመጣለች። ከእሷው ውሃ ይቀቀላል፣ ከእሷው ውሃ ቢላዋው ይታጠባል፣ ከእሷው ውሃ ለእኛ እጅ ጠብ ይደረጋል። ስትባረርም ጄሪካኑን ይዛው ነው የምትሮጠው። በዚያው እጃችን ዓይናችንን ነክተን ያለቀስን ስንት ነን! ለጤናችሁ ብለን ነው የምናባርራት የሚሉን ሰዎች ይህን ይስሙን። ጤናችን የሚጠበቀው በማባረር አይደለም። ጤናችን የሚጠበቀው በውሃ ነው። አንድ ቧንቧ ቢቆምልን ከመቶ ማባረር የበለጠ ይጠብቀናል።

መጠቅለያውም አለ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅ ደግ ተሠራ ብለናል፤ ቦዩን የሚዘጋውን፣ ከብት የሚገድለውን እናውቀዋለን። በፌስታሉ ፋንታ ምን ይመጣል የሚለውን ግን ማንም አላሰበልንም። የመጣው የደብተር ወረቀት ነው። ትኩስ ድንች ወረቀቱን ሲነካ የእስክሪብቶው ቀለም ይለቃል፤ የአንድ ተማሪ የሒሳብ ፈተና ከእነ ስሕተቱ ድንቹ ላይ ይታተማል። መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። የበቆሎው ቅጠል ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በነጻ ነው፤ የእሸቱ ወቅት እስኪያልፍ ድረስ ድንቹንም መጠቅለል ይችላል። ከበላን በኋላ ደግሞ ቆረቆንዳውን የት እንጣለው? ድሮ አህያ ይበላው ነበር፣ ላም ትበላው ነበር። አሁን መንገዱ ንጣፍ ሆነ፣ ከብት አይገባም፤ የቆሻሻ ማጠራቀሚያም አልተቀመጠም። መሬት ላይ ብንጥለው እናቆሽሻለን፣ እሷም በእኛ ቆሻሻ ትከሰሳለች። ስለዚህ ቆረቆንዳችንን እንደ ደረሰኝ ይዘን ቤታችን እንገባለን።

«እሷን ካጣችሁ ሌላ ብሉ» የሚሉን አሉ። ሌላውን አይተነዋል። ባለ መስታወት ሳጥን የቺብስ ጋሪ በየመንገዱ መጥቷል። ድንቹ ያው ድንች ነው፤ ዘይቱ ግን ስንት ቀን እንደ ተጠበሰበት የሚያውቀው ጠባሹ ብቻ ነው። ዘይት ውድ ስለሆነ አይደፋም፤ ስለማይደፋ ይጠቁራል፤ ስለጠቆረ ድንቹን ያጠቁረዋል፤ ጥቁረቱን ለመሸፈን ካቻፕ ይፈስበታል፤ ካቻፑም ውድ ስለሆነ ውሃ ይገባበታል። ልጆቹ ላይ አንፈርድም፣ እንጀራቸው ነው። እኛ ግን ከድስቱ የወጣውን፣ እንፋሎቱ ፊታችንን የመታውን፣ ከጨውና ከቆጭቆጫ በቀር ምንም ያልነካውን ነው የምንለው። እሱ ደግሞ የጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ነሐሴ ላይ ቢሆንም ማንም ሳይሳቀቅ ይበላዋል። ተማሪው በአንድ ድንች እስከ ማታ ይቆያል። የቀን ሠራተኛው በሁለት ድንች ይውላል። በዚህ ኑሮ ለኪሳችን የሚመጥን ትኩስ ምግብ ስንት ቀረልን?

የምንለው ግልጽ ነው። በየመናኸሪያው ዳር፣ በየገበያው መግቢያ፣ ከእግረኛው መንገድ ጥግ ላይ መስመር ይሠመር፤ ቁጥር ይጻፍበት፤ ለእነዚህ እናቶች በቁጥር ይሰጥ። ኪራይ ካለው ትክፈል፤ ሌት ተቀን ከመባረር ወርኃዊ ክፍያ ይሻላታል፣ እሷም ትለዋለች። ከበላዩ አንድ ወጥ ሸራ ይወጠርበት፤ መንገዱንም ያሳምረዋል። አንድ ቧንቧ ይቁምበት። አንድ የቆሻሻ በርሜል ይቀመጥበት። ጤና ተቆጣጣሪው እዚያው መጥቶ ድስቱንም፣ ቢላዋውንም፣ እጇንም ይይ፤ ቋሚ ቦታ ያላትን ሴት መቆጣጠር የሚሮጥ ጋሪ ከማሳደድ ይቀላል። ሹፌሮችም በዚያ ቦታ ሁለት ደቂቃ ይቁሙልን። ይህ ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም።

በነገሩ የሚጎዳ ሰው ፈልገን አላገኘንም። ከተማው ኪራይ ያገኛል፣ ገበሬው ትንንሹን ድንች የሚሸጥበት ያገኛል፣ እናትየዋ ከመሮጥ ታርፋለች፣ ደንብ አስከባሪዎቹም ከማሳደድ ያርፋሉ። እነሱም እኮ ይርባቸዋል፤ ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ማታ ከእኛ ጋር ሲሰለፉ እናያቸዋለን። ስለዚህ የከተማችን ሹሞች፣ ይህን ደብዳቤ አስጽፉ፣ ያንን ቢሮ ጠይቁ፣ በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን አትበሉን። ድንቹን እኛ እንገዛለን፤ ቦታውን እናንተ ስጧት።